ቅጠል ሽንኩርት አይሸጥም

የሰማሁት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ነው። ልጄ ፔይሻን ማድ ቤት ቆማ ለባሏ በሹክሹክታ ታወራለች፤ ሹክሹክታዋ ግን የእናቷ ነው፣ ግድግዳ ያልፋል። «ለእማዬ ሙት ዓመት ጭንቅላት የሌለው ዶሮ ገዝቶ ጠበቀን» አለችው። «እግርም የለው። ዓሣውም ፊት የለው ጅራት የለው፣ እንደ ሳሙና የተቆረጠ ነገር ነው። እሷ ፊት እንዴት ብዬ ነው የማቀርበው?» ባሏ ዢሆንግ ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም። ዢሆንግ ደግ ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይመልስም። የጥርስ ብሩሼን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ። እኔ እንኳ ጭንቅላት አለኝ፤ ምን እንደሚሠራልኝ ግን በዚያ ሰዓት መናገር አልችልም ነበር።

ለራሴ ጥብቅና ልቁም ካልኩ የምለው ይህን ነው። በዋዜማው ሱፐርማርኬት ገብቼ ያን ዶሮ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ነጭ የፎም ሳህን ላይ ክንፉን አጣጥፎ፣ ላስቲክ ተወጥሮበት፣ አንዲት ላባ ሳትቀርበት ተኝቷል። እንዴት ያለ ጨዋ ዶሮ ነው አልኩ። ለሙታን የሚቀርብ ዶሮ ራስም እግርም ጅራትም ሊኖረው እንደሚገባ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የጠፋ ነገር ለሙት ማቅረብ ስድብ እንደሆነ፣ እውነቴን ነው፣ ልብ ብዬ አላውቅም። በየዓመቱ የእናቴና የአባቴ ሙት ቀን ሲደርስ ሚስቴ ዩሉዋን «ና ስገድ» ስትለኝ እመጣለሁ፤ ዶሮው አንገቱን ቀጥ አድርጎ እንደ መሥሪያ ቤት አለቃ እያየኝ ገበታው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ እሰግዳለሁ፤ ሲነሳ እበላዋለሁ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሳንቾንግ ወንዙን ተሻግሮ ታይፔ የሚደርስ የከተማ አውቶቡስ በመንዳት ነው። የሰፈራችን ገበያ በር ከአንዱ ፌርማታ ጀርባ ነበር፤ ሴቶቹ ጎመናቸውን አቅፈው ሲገቡ በመስታወት አያለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ እሄዳለሁ። ስለ ገበያ የማውቀው ይህንኑ ያህል ነበር።

ዩሉዋን ዓምና ስትታመም ፔይሻን አጠገቧ ባለው ሆስፒታል ትታከም ብላ ወደምትኖርበት ወደ ታይቹንግ ወሰደቻት። ዩሉዋን ማንም «አይዞሽ» እንዲላት የማትወድ ሴት ስለሆነች ለገበያው ሁሉ የተናገረችው «ልጄ ጋ ልሰነብት ነው» ብላ ነው። እዚያው አረፈች፣ አስከሬኗም እዚያው ተቃጠለ፤ እኔም አመዷን ጭኔ ላይ አድርጌ በባቡር ተመለስኩ። ስለዚህ በሰፈራችን መሞቷን የሚያውቁት ከላያችን ያሉት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከሰው አይውሉም። በመጣሁ በሳምንቱ ምግብ ልገዛ ገበያው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ገና አንድ እግሬን ከማስገባቴ አትክልት ሻጯ አቺን ከውስጥ «ያ የዩሉዋን ባል አይደለም እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ዞርኩ። መንገዱን ተሻገርኩና ዝናብ እንደመታው ሰው ፊት ለፊት ያለው ሱፐርማርኬት ውስጥ ገባሁ። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀረሁ ብል ይቀላል።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ማንም ማንንም አይጠይቅም። መብራቱ ቀንም ማታም አንድ ነው፤ ቅዝቃዜው ደስ ይላል፤ ሽንብራው የት እንደሆነ ለማወቅ የማንንም ፊት ማየት አያስፈልግም። ሒሳብ የሚቀበለው ማሽን ነው። የመጀመሪያ ቀን «የአባልነት ቁጥር አለዎት?» ሲለኝ ደንግጬ በቃሌ የማውቀውን ብቸኛ ቁጥር መታሁለት፣ የሚስቴን ስልክ። ለካ እሷ አንድ ጊዜ የአኩሪ አተር መረቅ ዋጋ ሲቀንሱ ተመዝግባ ኖሯል። የማሽኑ መስኮት ላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሹ ዩሉዋን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ እስኪያስል ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ አንድ እያልኩ ነው የምገዛው፤ ዛሬ እንቁላል፣ ነገ ጨው፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ጨው። ሠራተኞቹ ቆጣቢ ሽማግሌ መስያቸው ይሆናል። ነጥብ እየተጠራቀመላት ሚስቴ አንድ የሸክላ ኩባያ ተሸልማለች። ገበያው ውስጥ በሕይወት አለች፣ ሱፐርማርኬቱ ውስጥም በሕይወት አለች፤ የሞተችው እኔ ቤት ብቻ ነው።

የቅጠል ሽንኩርትንም ነገር ያወቅኩት እዚያው ነው። አንድ ቀን አትክልቱ ፊት ስንከራተት ቅጠል ሽንኩርት ታጥቦ፣ ሥሩ ተቆርጦ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ዋጋ ተለጥፎበት አየሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዩዋን ይላል። የተሳሳቱ መሰለኝ። ለካ ቅጠል ሽንኩርት ዋጋ አለው! በኔ ቤት ቅጠል ሽንኩርት ተገዝቶ አያውቅም፤ ምርቃት ነው። ሰው ጎመን ይገዛል፣ ካሮት ይገዛል፣ አትክልት ሻጯ መዝና ስትጨርስ ከጎኗ ካለው ክምር አንድ ሁለት ዘለላ መዥረጥ አድርጋ ከላይ ትሰካለታለች። ዩሉዋን ከገበያ ስትመጣ ከበሩ ቀድሞ የሚገባው ከከረጢቷ የወጣው አረንጓዴ ጫፍ ነበር። «ዛሬ ሦስት ሰጠችኝ» ትለኛለች፣ የባንክ ወለድ እንደተከፈላት ሁሉ። እኔ ጋዜጣዬን እገልጣለሁ። ያን ዕለት ግን እዚያ ማቀዝቀዣ ፊት ዓይኔ እንባ ሞላና አንዲት ሠራተኛ መጥታ የምፈልገው ዕቃ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስከሬኗ ሲቃጠል እንኳ ያላለቀስኩ ሰው ለሽንኩርት አለቀስኩ፤ ያውም ላልተከተፈ።

እንግዲህ በሙት ዓመቷ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ልጄ ፈገግ አለችልኝና ምንም እንዳልሰማሁ አስባ «አባዬ፣ እንቅልፍ ወሰደህ?» አለችኝ። ወሰደኝ አልኳት። ዶሮው ገበታው ላይ ነበር። ሦስታችንም አየነው፣ ሦስታችንም አላየነውም። ማድ ቤታችን ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ዝም ሲልባት ደግሞ የባሰ ትጠባለች። በመጨረሻ ጭንቅላት ላመጣ ነው ብዬ ጫማዬን አደረግሁ። ፔይሻን ዓሣውንም አለችኝ። ዓሣውንም አልኳት።

ዶሮው አልነበረም የከበደኝ። ገበያው ውስጥ ገብቼ የማላመልጣት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ሞታለች» የምትል። ለሐኪም ብያታለሁ፣ ለባንክ ብያታለሁ፣ ለጡረታ መሥሪያ ቤት በሦስት ቅጂ ብያታለሁ። እዚያ ገበያ ውስጥ ግን ካልኳት በኋላ ዩሉዋን የምትኖርበት ቦታ የሱፐርማርኬቱ ማሽን ብቻ ሊሆን ነው። በመንገድ ላይ እየደጋገምኩ ተለማመድኳት፤ አንዲት ውሻ የያዘች ሴት ገለል አለችልኝ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ የያዝኩት የሱፐርማርኬቱን የጨርቅ ከረጢት መሆኑን አየሁ። በግልባጩ አድርጌ ያዝኩት። ያን ያህል ብልህነት ነበረኝ።

ገበያው ጠባብና ረጅም ነው፤ ከላይ ሸራ፣ ከታች ውሃ። ጋሪ የሚጎትቱ ሴቶች ቁርጭምጭሚቴን እየገጩ ያልፋሉ፤ ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ። የአቺን መደብ ከመግቢያው ላይ ስለሆነ እሷን ሳያልፉ ማለፍ አይቻልም። አጭር ናት፣ የአበባ ሽርጥ አላት፣ ሚዛኗን እንደ ድመት አጠገቧ አስተኝታ ትሸጣለች። ገና ከሩቅ ስታየኝ የሾፌሩ እግር ዛሬ ከየት ተገኘ አለችና ለጎረቤቶቿ አሳየችኝ። እጄ ላይ የደረሰውን ጥቅል ጎመን አነሳሁ፤ ጎመን አልወድም፣ ግን እጄ ላይ እሱ ነው የደረሰው። እየመዘነች ቀና ሳትል ዩሉዋን ከልጇ ጋ መጣች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቃሌን አዘጋጅቻለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«ገና ናት» አልኩ።

ይኸው ነው። ውሸት እንኳ አይባልም፤ በእርግጥ አልመጣችም። አቺን ግን ለመቼ ናት አለችኝ። ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት ለጨረቃ በዓል አልኳት። ይህ አሁን ውሸት ነው። ደስ አላትና ከመደቡ ሥር በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ የቀርከሃ ቡቃያ አወጣች፤ ዩሉዋን የታይቹንግ ቡቃያ ይመርራል ብላ ሳታማርር አትቀርም፣ በአውቶቡስ ላክላት፣ አንተ ግን አንዷን እንኳ እንዳትነካ አለችኝ። ተቀበልኩ። ከዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። ጎመን ገዝቻለሁ፤ የቅጠል ሽንኩርቱ ክምር ክርኗ ሥር ነው፤ ጭቃው ከነሥሩ ይታያል። ዓይኔን ተከትላ አየችው።

«እሱን ራሷ ስትመጣ ትወስዳለች» አለችኝ። «ለአንተ ሰጥቼ ምን ልታደርገው ነው፣ ጆሮህ ላይ ልትሰካው?»

ጎረቤቶቿ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ዶሮ ሻጯ ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ለጨረቃ በዓል ነው የምትመጣው አሉ አለችኝ። ዶሮዬን ከነራሱና ከነእግሩ መርጣ ሰጠችኝና ሌላ ጥንድ እግር ጨመረችበት፤ ዩሉዋን እግር ትወዳለች አለች። እንደምትወድ አላውቅም ነበር። በኛ ቤት እግሩን ትበላ የነበረው እኔ ሥጋውን ስለምበላ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ዓሣ ሻጩ፣ ሰው ሁሉ ወርቅ ጥርሱ የሚለው፣ ሚስቴ እንዴት እንደሆነች ሲጠይቀኝ ወፍራለች አልኩት። ለምን እንዳወፈርኳት አላውቅም። መጨረሻ ላይ ሳያት እጇ ሩዝ ከምናነሳበት ከመብያ እንጨት አይበልጥም ነበር። ጠዋት ጠዋት ፓርክ ውስጥ ከሴቶች ጋር ትደንሳለች ብዬም ጨመርኩ። ወርቅ ጥርሱ ጥርሱን በሙሉ አሳየኝ። እንቁላል ያላትን ዓሣ መርጦ፣ ገልብጦ፣ የመተንፈሻ ስንጥቧን ከፍቶ ቀይ መሆኑን አሳይቶኝ፣ ይቺ ለእሷ ናት አለኝ። ከገበያው ስወጣ ሁለት እጄ ሙሉ ነበር፤ ሁሉም ለሞተች ሴት የተላከ ነው፤ ከኔ የባሰ መልእክተኛም ከየትም አይገኝም።

ቤት ስደርስ ፔይሻን ከረጢቱን ዘርግፋ አየች። ዶሮው ራስ አለው፣ ዓሣዋ ጅራት አላት፤ ፊቷ በራ። ቡቃያውን ስታይ «አቺን ናት የሰጠችህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን አለችህ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዶሮው ተቀቀለ፣ ዓሣዋ በእንፋሎት በሰለች፣ ቡቃያው ተቆራርጦ ቀዘቀዘ። ቀደም ሲል ገዝቼው የነበረው የሱፐርማርኬት የአሳማ ሥጋ ብቻ ማለፊያ አገኘ፤ የአሳማን ጭንቅላት ማንም አይጠብቅም። ሁሉንም ስሟ በተጻፈበት ሰሌዳና በፎቶዋ ፊት ደረደርን፣ ሩዟን ቀዳንላት፣ የመብያ እንጨቷን አስቀመጥን፣ የዕጣን እንጨት ለኩሰን ሰገድን። ፎቶው የተነሳው ለመታወቂያ ነው፤ ፎቶ አንሺው አትሳቂ ብሏት ነበር። እንደምንም ይዛዋለች፣ ግን ካወቋት ይታያል።

ዕጣኑ ግማሽ ሲደርስ በልታ ጨርሳ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ሁለት ሳንቲም ይወረወራል፤ አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን ካሳየ ጨርሳለች፣ ገበታው ይነሳል፣ የቀረነውም እንበላለን። ሁለቱም በጀርባቸው ከወደቁ ገና ነኝ ማለቷ ነው። ሁለቱም ፊታቸውን ካሳዩ ደግሞ እየሳቀች ነው። እስክትፈቅድ ድረስ ማንም እጁን ወደ ምግቡ አይሰድም። ተንበርክኬ «ዩሉዋን፣ ጨረስሽ?» ብዬ ወረወርኩ። ሳቀች። ትንሽ ጠብቄ ደገምኩ። ሳቀች። በሦስተኛው እምቢ አለች። ፔይሻን ገበታውን አጥንታ የአኩሪ አተር መረቁን ረስተናል አለች፤ ዢሆንግ ሮጦ አመጣ። ወረወርኩ። ሳቀች። ፔይሻን እንደገና አጠናችና ዓሣዋ ላይ ቅጠል ሽንኩርት እንደሌለ አየች። ከማቀዝቀዣው ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ላስቲክ የለበሰውን አውጥታ ከተፈችው፣ በተነችው። ወረወርኩ። እምቢ አለች። ወንበሩን አዙረን ሞከርን፣ መስኮቱን ከፍተን ሞከርን፣ ዢሆንግ ምናልባት እኔን እዚህ አልጠበቀችኝ ይሆናል ብሎ ወደ በረንዳ ወጣና ሞከርን። ሳንቲሞቹ ከሶፋው ሥር ገብተው ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገኙ።

ዩሉዋን በሕይወት ሳለችም እንዲሁ ነበረች። የዋሸኋት ቀን አትቆጣኝም፤ ትስቃለች። ሲጋራ ትቻለሁ ስላት ትስቃለች፣ ጓደኛዬ ገንዘብ አልተበደረኝም ስላት ትስቃለች፤ እውነቱን እስክናገር ድረስ ሳቋ አይቆምም። ልጄም ይህን ታውቃለች፣ አብራት አድጋለች። ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ገበያ ምን አልካቸው?»

ፎቶዋን እያየሁ ነው የመለስኩት። «ለጨረቃ በዓል ትመጣለች አልኳቸው። ወፍራለች አልኩ። ትደንሳለች አልኩ።»

 ከላይ ቤት ማጠቢያ ማሽን ይዞራል። ዢሆንግ በረንዳው ላይ እንደቆመ ነው፤ ግባ ያለው የለም። ፔይሻን ሳንቲሞቹን ከሶፋው ሥር አውጥታ በሽርጧ ጠረገቻቸው፣ ደጋግማ ጠረገቻቸው። በኋላ ቀና ሳትል «እኔም ስልኳን አላዘጋሁትም» አለችኝ። «በየወሩ እከፍላለሁ።» እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ ሱፐርማርኬቱ ማሽን ልነግራት ፈለግሁ፤ ነገር ግን ለአንድ ቀን ይበቃናል ብዬ ተውኩት። ሳንቲሞቹን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ወይ ብዬ ዩሉዋንን ጠየቅኩና ወረወርኩ። አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን አሳየ። እንዲህ ያለ ችኮላ አይቼባት አላውቅም።

ዢሆንግ ከበረንዳው ገባና ዶሮውን አየ። ፔይሻን ግን፣ እማዬ የተስማማችው በመሄድህ ነው እንጂ በልቼ ጨርሻለሁ አላለችም፣ ገበያው ሳይዘጋ ሂድ አለችኝ። የዢሆንግ ሆድ በጉልህ ጮኸ። ከቤታችን ሰዎች ሁሉ በዚያ ሰዓት እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ቀትር ላይ ገበያው ሌላ ቦታ ነው። ሸራው ዝቅ ይላል፣ ውሃ ይለቀቃል፣ የተጣለ ቅጠል በቦዩ ይሄዳል። አቺን ባዶ ሳጥኖቿን እየደረደረች ነበር። ስታየኝ ምን ረሳህ አለችኝ። በመንገዱ ላይ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ፣ እንደ ፌርማታ ስም ጮክ አድርጌ ነው ያወጣሁት።

«አቺን፣ ዩሉዋን ሞታለች።»

ሳጥኑን ይዛ ቆመች። መቼ አለችኝ። ዓምና፣ በዛሬው ቀን አልኳት። ዛሬ ወይ አለች፤ ዛሬ አልኳት። ሳጥኑን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ከላይ ከሸራው የተጠራቀመ ውሃ ትከሻዋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ አልተነቃነቀችም። እኔም የማደርገው ሳጣ አጠገቧ ያለውን ሌላ ሳጥን ደረደርኩላት፤ አበላሽቼ ስለደረደርኩት ወደቀ። አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ ቀና አለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ ለመቆጣትም ምክንያት ነበራት። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው።

«እና ዓመቱን ሙሉ ከየት ነበር የምትበላው?»

ባልነግራት ይሻል ነበር። ሳንቲሞቹ ግን ገና ኪሴ ውስጥ ናቸው።

«ከሱፐርማርኬት።»

ያየችኝ አስተያየት! ሞቷን መደበቅ ይቅር ሊባል ይችል ነበር፤ ይህን ግን ለማን ትነግረዋለች? ዶሮም ከዚያ ነው ወይ አለችኝ። ዶሮም አልኳት፣ ጭንቅላት የለውም አልኩና ክንፉን እንዴት አጣጥፎ እንደተኛ በእጄ አሳየኋት። ከሆዷ ሳቅ ተነሳ፤ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ግን ሳቅ መሆኑን ተወ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እጆቿ እስከ ክርን ጭቃ ናቸው።

«ወርቅ ጥርሱ ወፍራለች ብሎኝ ነበር» አለች ከእጇ ሥር። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

 ለሌሎቹም መንገር እንዳለብኝ አውቄ ወደ ውስጥ ስራመድ ከረጢቴን ያዘችው። አንተ አትንገር፣ እኔ እነግራቸዋለሁ አለችኝ፤ አንተ ስትናገር ታበላሸዋለህ፣ አሁን ደግሞ ከመጠን በላይ ታከሳታለህ። ከረጢቱን ስትይዝ ግልባጩ ተገልጦ የሱፐርማርኬቱ ስም ከነቀለሙ ታየ። አየችው። ምንም አላለችም፤ ይህን ቸርነቷን አልረሳውም።

ለመሄድ ተነሳሁ፣ ግን ዓሣዋ ትዝ አለችኝ፤ ፔይሻን የበተነችው ያ ላስቲክ ለባሽ ሽንኩርት፣ ዩሉዋን እምቢ ያለችው። ከክምሩ የቀረች አንዲት ዘለላ እርጥብ ጆንያ ላይ ተጋድማለች። ዋጋው ስንት ነው ብዬ ቦርሳዬን አወጣሁ።

«ቅጠል ሽንኩርት አልሸጥም» አለችኝ አቺን። «ጎመን ግዛ።»

ጠዋት ገዝቻለሁ አልኳት። ጠዋት የገዛኸው የጠዋት ነው አለች። ከሳጥኑ ሥር የቀረውን የመጨረሻ ጥቅል ጎመን አወጣች፤ ውጫዊ ቅጠሉ የጠወለገ ነው። መዘነችው፣ እንደ ሁልጊዜው ሙሉ ዋጋዋን ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ያችን ዘለላ ከነሥሯ ከነጭቃዋ መዥረጥ አድርጋ ከላይ ሰካችልኝ። ለእሷ ነው አላለችም። ነገ በጠዋት ና አለችኝ፤ በቀትር የሚመጡት ባሎች ብቻ ናቸው፣ የሚያገኙትም ይህንኑ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ከኋላዬ የገበያው ድምፅ ዝቅ እያለ፣ ከመደብ መደብ ዝቅ እያለ ሲሄድ ሰማሁት። አልዞርኩም። መንገዱን ስሻገር የሱፐርማርኬቱ በር እኔን አይቶ በራሱ ተከፈተ፤ ምስኪን፣ ልማዱ ነው።

ፔይሻን በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የገባው አረንጓዴው ጫፍ ነው።  ተቀብላ አጠበችው፣ የሱፐርማርኬቱን ከዓሣዋ ላይ በመብያ እንጨት አንድ በአንድ ለቀመችና ይህን በተነችበት። ሥሩን ልትጥለው ስትል እናቷ በረንዳው ላይ ትተክልበት የነበረው የፎም ሳጥን ትዝ አላት፤ ዢሆንግ ይዞ ወጣ፤ አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል መሰለኝ፣ በማንኪያ ሲቆፍር ይሰማል። ተንበረከክኩ። ጨረስሽ ወይ ብዬ ወረወርኩ። አንዱ ሳንቲም ፊቱን አሳየ፣ አንዱ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ በጀርባው ወደቀ። ዢሆንግ እጁን ሳይታጠብ ቁጭ አለ።

ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር፣ ዓሣዋም ጠንክራለች፤ ሁሉንም በላን። እግሮቹን ፔይሻን ለኔ ሰጠችኝ፤ ሥጋ የለውም፣ አጥንት መጥባት ነው፣ ዩሉዋን እንዴት ትወደው እንደነበር ማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። ማድ ቤት ገብቼ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ሁለት ጥቅል ጎመን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩኛል። ነገ በጠዋት ሦስተኛውን ልገዛ እሄዳለሁ። ጎመን አልወድም።